እሜቴ ከውሃው ሥር

«አስራ አንድ ደቂቃ!» አለ የአዞዎቹ ጠባቂ፣ የእጅ ሰዓቱን ዓይኑ ሥር ለጥፎ። «ወንድሜ፣ እኔ አዞዬ እንኳ እንዲህ ከቆየብኝ ዘመድ መጥራት እጀምራለሁ።»

«ዝም በል፤ ትሰማሃለች።»

«ሬሳ ይሰማል እንዴ?»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። ዓይኔን ግን ከኩሬው ላይ አላነሳሁም። ቅጠል የረገፈበት ውሃ ሻይ መስሏል፤ ከአንድ ክንድ በታች ምንም አይታይም። ከላይ፣ አምፖሉ ሥር፣ እሜቴ የምትተኛበት ቅርንጫፍ ባዶውን ቀርቷል።

እሜቴ ባሲሊስክ ናት፤ በሁለት የኋላ እግሯ ቆማ ውሃ ላይ የምትሮጥ አረንጓዴ እንሽላሊት። የጣቶቿ ጠርዝ ላይ የታጠፈ ስስ ቆዳ አለ፤ ውሃውን ስትረግጥ እንደ መቅዘፊያ ይዘረጋል። ጎብኚው የሚመጣው ያንን ሊያይ ነው። ስትደነግጥ ግን ሁልጊዜ አትሮጥም። አንዳንዴ እንደ ድንጋይ ትወርድና ታች የዛፍ ሥር ጨብጣ ትደበቃለች። አሁን ደግሞ ሆዷ እንቁላል ሞልቷል።

ያስደነገጥኳት እኔ ነኝ። በዚህ የእንስሳት ማሳያ የእንስሳቱን በር ከመክፈታችን በፊት በጥፍራችን ሁለቴ እናንኳኳለን፤ መምጣታችንን ይወቁት ብለን። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጠባቂ ሆኜ አንኳኩቻለሁ። ዛሬ ጠዋት በሩን በርግጄ ገባሁ። ምን ነካህ ብትሉኝ፣ የትናንቱ ነገር ነው። ለእንግዶች «አስራ አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ስትቆይ ቆጥሬያለሁ» ብዬ ስናገር፣ የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተሯ ፈገግ ብላ «ጋሼ ትንሽ ያጋንናሉ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ እንደኔ ያለ ሰው ምን ያውቃል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ዶክተሯ እየሮጠች ገባች፤ የነጭ ጋዋኗ አንድ እጅጌ ገና አልተጠለቀም።

«ጋሼ፣ ስንት ሆናት?»

«አስራ ሦስት» አለ የአዞዎቹ ጠባቂ ቀድሞኝ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «በቃ፣ የዛፉ ሥር ይዞ አስቀርቷታል። ውሃውን እንልቀቀው፤ ቶሎ ካገኘናት ምናልባት እንደርስላታለን።» ጥጉ ላይ ተንበርክካ የውሃ መልቀቂያውን እጀታ ያዘች። ቦቲዬን እላዩ ላይ ጫንኩበት።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ!»

«አላነሳም።»

«ያለችን አንድ እሷ ናት! እንቁላል ይዛለች እኮ!»

«እሱንማ ለኔ አይንገሩኝ።»

«ከሞተች ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።»

«ልጠየቅ! ሳላንኳኳ ገብቼ ያስደነገጥኳት እኔ ነኝ፤ ይጻፉት፤ ያባርሩኝ። ይሄ ቧንቧ ግን አይከፈትም። ታች አፉ ላይ ያለው ወንፊት ተሰብሯል። ከከፈቱት መጀመሪያ ስቦ የሚወስደው እሷን ነው።»

እጇ ቆመ። «ተሰብሯል? ለምን አልተነገረኝም?»

ለምን አልተነገረኝም! ከሦስት ወር በፊት በገዛ እጄ ማመልከቻ ጽፌ ቢሮ አስገብቻለሁ። ጸሐፊዋ የእጅ ጽሑፌን ለጓደኛዋ እያሳየች ስትንከተከት በመስኮት አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ልዘረግፈው አፌ ድረስ መጣ።

«ጽፌ ነበር» አልኩ ብቻ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አልደረሰኝም ጋሼ።»

ድምፅዋ ውስጥ ውሸት ፈለግኩ። አጣሁ።

«አስራ ስድስት» አለ የአዞዎቹ ጠባቂ። አሁን አልቀለደም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። አስራ አምስት የቆጠርኩት ያኔ፣ ቀላል ሳለች ነው። ሆዷ ከብዶ፣ በድንጋጤ፣ ትንፋሽ ሳትሰበስብ ገብታ እንደሆነስ? የተሰበረውም ወንፊት በቅጠል ተደፍኖ ከእንግዲህ የማይስባት፣ ዶክተሯም ልክ ሆና እንደሆነስ? በእልኸኝነቴ ብገድላትስ? ቦቲዬን ከእጀታው ሳላነሳ ውሃው ላይ አፈጠጥኩ።

ማዶ፣ ዳሩ ጋ፣ አንድ ቅጠል ከፍ አለ። ነፋስ በሌለበት ክፍል ቅጠል ከፍ አይልም። ከቅጠሉ በታች ሁለት ቀዳዳ ታየ፤ አፍንጫ። ቀጥሎ አንድ ቢጫ ዓይን።

«አለች» አልኩ።

«እሜቴ!» ብሎ አምባረቀ የአዞዎቹ ጠባቂ፣ ሞኙ።

ውሃው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቸብ ቸብ ቸብ ቸብ፣ ያን ሆድ ተሸክማ፣ እጆቿን አንከርፍፋ፣ ኩሬውን ሰንጥቃ በፊታችን አለፈች። ፍንጣቂው የዶክተሯን መነጽር መታው። እሜቴ ግንዱን ቧጥጣ ወጥታ ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ አለች። ጉሮሮዋ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«አስራ ሰባት ከግማሽ» አለ የአዞዎቹ ጠባቂ፣ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ። «እኛም ነውር የለንም። እመቤቲቱ ገላዋን ስትታጠብ ሰዓት ይዘን ቆመን እንቆጥራለን?»

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቃል ነበረኝ፤ አንድ ቀን ልክ ስሆን ፊታቸው ላይ የምወረውረው። ተውኩት። እግሬን ከእጀታው ላነሳ ስል፣ የሆነ ነገር ያዘኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዶክተሯ እንደተንበረከከች ቅርንጫፉ ላይ አንጋጣለች። መነጽሯ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጉንጯ ላይ የሚወርደው ግን ከመነጽሩ ብቻ አይመስልም። አንድ እጇ እጀታው ላይ ነው። በሌላው የሱሪዬን ጫፍ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ መያዟንም አላወቀችም።

እኔም አልነገርኳትም። እግሬን ሳላነቃንቅ ቆምኩላት።