ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ

በዚያ ዘመን አዲስ መምህር የማስተማር ክህሎትን የሚያገኘው ጡረታ ከሚወጣ መምህር ጭንቅላት በቀጥታ እየተቀዳለት ነበር። አንዴ ከተቀዳ ታዲያ ሰጪው ዘንድ እንጥፍጣፊ አይቀርም።

ደሴ ውስጥ ስታስተምር የኖረችው የትምወርቅ ያስረከበችው ጠይቆ መጠበቅን ነው። ተማሪው መልሱ እስኪመጣለት አንገትን ዘንበል አድርጎ ዝም ማለት ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ከማስተማር ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ስታስረክብ ክፍሉን እንጂ ቤቷን አላሰበችም።

ባሏ ደምመላሽ ሲናገር ይንተባተባል። የወደዳትም አንድ ቃል እስኪያወጣ ስትጠብቀው ፊቷ ስለማይለወጥ ነበር። አሁን ግን ገና "ው... ው..." ሲል "ውሃ ነው?" ብላ ብርጭቆውን ታቀርብለታለች። አንዳንዴ ውሃ አልነበረም። እያደር ማረሙን ተወና የሰጠችውን መጠጣት ጀመረ።

አንድ እሁድ፣ ክህሎቷን የወሰደችው ወጣቷ መምህርት ረድኤት ሙዝ ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች።

"ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ?"

"ብ... ብ..."

"ብርድ መትቶት ነበር" አለች የትምወርቅ ቀደም ብላ።

ረድኤት እጇን በቀስታ አነሳች። "እትዬ፣ እሳቸው ይጨርሱ።" ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። የትምወርቅ ያንን አንገት አወቀችው። እንደ ልብስ ነው ያወቀችው፣ በሰው ገላ ላይ እንዳየችው የራሷ ልብስ።

ደምመላሽ ግንባሩን ላብ እስኪያጠምቀው ታገለና፣ ዓይኑን ከረድኤት ሳይነቅል ጨረሰው።

"ብቻዬን ነው የከረምኩት።"