ቀዩ ክር

ልብስ ሰፊው ግሪስ ማየት አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ሸሚዝ ሲሰፋ ኖሯል፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር ያለበትን ሰው መጨበጥ ለሱ ሞቱ ነው። አንዲት ሴት ልጁ ግን ከወንድ ሁሉ መርጣ መካኒክ ወደደች።

መካኒኩ ቤት በመጣ ቀን የሻይ ብርጭቆው ላይ የጣቱ ጥቁር አሻራ ቀረ። ሰፊው ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

"አባዬ፣ እጁ ቢቆሽሽም ልቡ ንጹሕ ነው።"

"መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው። አሮጌውን ወልውሎ አዲስ ነው ይልሻል።"

"እንግዲያው ፈትነው። የመኪናህ የታይሚንግ ቺንጋ አርጅቷል፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል ብሎሃል። እሱ ይቀይርልህ።"

"ካታለለኝስ?"

"ካታለለህ አላገባውም" አለች።

ሰፊው ሱቁ ውስጥ አንድ ደንብ አለው፤ የደንበኛ ጨርቅ ከሌላው እንዳይለዋወጥ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያሳልፋል። በማግስቱ ጧት አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ የመኪናውን ኮፈን ከፈተ። ቺንጋው ሩቅ አልነበረም፤ እጁን ገና ሲሰድ አገኘው። ለስላሳው ጀርባ ላይ በወፍራም መርፌ ቀይ ክር አሳልፎ ቋጠረ። ከዚያ እጁን ደጋግሞ ታጠበ።

መኪናውን መካኒኩ ጋራዥ ወስዶ፣ የተቃጠለው ዘይት ሽታ እንዳይገባው መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆመ። መካኒኩ አጎንብሶ እየፈታ ይደረድራል፣ ላቡን በእጁ ይጠርጋል፣ በዚያው እጁ ዳቦ ይገምጣል። ያ እጅ ነገ የልጅ ልጆቹን ሲያቅፍ ታየውና ፊቱን አዞረ።

መካኒኩ ሲጨርስ አሮጌውን ቺንጋ በፌስታል ይዞለት መጣ። ዘይት የጠጣ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጥርሱ የረገፈ ነገር ነው።

"ጋሼ፣ እግዜር ነው የጠበቀዎት። የሚያገለግለውን ሁሉ መልሼ ገጥሜያለሁ። ከእርስዎ ደግሞ ገንዘብ አልቀበልም።"

ሰፊው ቺንጋውን በጫፍ በጫፉ ይዞ ዳር እስከ ዳር አገላበጠው። ክር የለበትም። "የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ" አለ በሆዱ።

ቤቱ ሲደርስ ልጁን ጠርቶ ኮፈኑን ከፈተላት። ቀዩ ክር እዚያው ሞተሩ ላይ ነበር።

"አላልኩሽም?"

ልጅቱ አላለቀሰችም። መካኒኩ ደውሎ ምን አጠፋሁ ሲላት "ራስህን ጠይቅ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ብዙም ሳይቆይ ጋራዡን ለቆ ሌላ አገር መግባቱ ተሰማ። ሰፊው እፎይ አለ።

መኪናው ግን በአሮጌ ቺንጋ መነዳት የለበትም። ሌላ ጋራዥ ወስዶ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ የሌባውን ታሪክ በኩራት አወራለት። ሽማግሌው ክር ያለበትን ቺንጋ አወለቀ፣ ከኋላው ያለውን ክዳን ፈታ፣ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ።

"ክር ያሳለፉበት ባትሪ የሚሞላው የዲናሞው ቺንጋ ነው፤ የታይሚንጉ ቺንጋ ያለው እዚህ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ እሱም ገና አዲስ ነው" አለ።