የቅዳሜው የቁጠባ ትምህርት

እፀገነት ጅግጅጋ ከመጣች በሁለተኛው ወር የቅዳሜ ተማሪዎቿ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም ሠርቶ አዳሪዎች ናቸው። ክፍያ አትጠይቅም። «ለወጣቶች ቁጠባ የሚያስተምር ማኅበር ነው የላከኝ» ብላ ከአትክልት ተራ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች።

ሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልጠፋ አንድ ተረት ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር።»

ማስተማሩንስ ታውቅበታለች። ቆጥባችሁ የተረፈውን ብሉ እንጂ በልታችሁ የተረፈውን አትቆጥቡ። የጀመራችሁት ሳያልቅ ሌላ አትግዙ፣ ሳሙናም ይሁን ደብተር። ደረሰኝ አትጣሉ። ራሷም የምትለውን ትኖረዋለች፤ ጠመኔዋ አልቆ ጥፍሯ ሰሌዳውን እስኪቧጥጥ ድረስ ነበር የምትጽፍበት።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የበረታችው ኬሪያ ናት። በሰው በረንዳ፣ በሰው የስፌት መኪና ድሪያ የሚባለውን የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ ትሰፋለች። የራሷን የስፌት መኪና ለመግዛት ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዋን እየዘለለች አሥራ ስምንት ሺህ ብር አጠራቅማለች። ከወራቤ መጥታ የከተማውን መታወቂያ ገና ስላላገኘች የባንክ ደብተር የላትም። ብሩ ያለው ባዶ የዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው። ጥንቁቅነቷን አይተው ጸሐፊ አደረጓት፤ የክፍሉ ወረቀት ሁሉ በእሷ ፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል።

ሳቢር የሚባል ሰው ብቅ ያለው ይሄኔ ነው።

በመጀመሪያ የተሳፈረው ከተማሪዎቹ በአንዱ፣ በደሬሳ ባጃጅ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል።

«ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ጉምሩክ ዘመድ አለኝ» አለው። «ስልክ በባቡር ይገባልናል። አምስት መቶ ስጠኝ፣ በአሥር ቀን ሺህ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ወላሂ።»

«ደረሰኝስ?» አለ ደሬሳ፣ በተማረው መሠረት።

ሳቢር ቅር ሳይለው ከጃኬቱ ኪስ የደረሰኝ ጥራዝ አውጥቶ ቆረጠለት። በአሥረኛው ቀን ሺህ ብር አመጣ።

ቅዳሜ ክፍሉ በዚሁ ወሬ ታመሰ። እፀገነት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ሰው አጭበርባሪ ነው!»

«ግን እኮ ከፍሎኛል፣ ቲቸር።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ይልቅ ያንን ወረቀት ቀደህ ጣለው።»

«ደረሰኝ አይጣልም ብለውን የለ?» አለች ኬሪያ። ክፍሉ ሳቀ። እፀገነትም ትንሽ ቆይታ ሳቀች። ኬሪያ ደረሰኙን ተቀብላ አቃፊዋ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ ሳቢር ኬሪያ የምትሠራበት በረንዳ መጣ። የሚያሰፋው ልብስ አልያዘም። የስፌት መኪና ስንት እንደሚያወጣ ጠየቃት፣ ፈገግ አለ፣ ሄደ። በማግስቱ አከራይዋ ወይዘሮ ሀሊሞ ግቢው በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ አንድ ባለ ጃኬት ሰው መጥቶ የምትተኚበትን ክፍል ጠየቀኝ። ወንድምሽ ነው እንዴ?»

ወንድም የላትም። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ዓርብ ሥራ ቀረች። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ትምህርቱ ስትሄድ ጣሳውን በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ወጣች።

ደርሳ የሆነውን ሁሉ ለእፀገነት ነገረቻት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ገንዘብ ቤት ውስጥ አይቀመጥም ብዬ ቀድሜ ላስጠነቅቃችሁ ይገባ ነበር። ሰኞ በማኅበሩ ስም ሒሳብ እንከፍታለን፤ መታወቂያ የሌላችሁም ትገባላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ባንኩ በር ላይ እንገናኝ። እስከዚያ ድረስ የሚያስቀምጥ ካለ በደረሰኝ እቀበላለሁ። ግን እኔንም ጠርጥሩ። ሳታስቡበት አታምጡ።»

እንዲህ የሚል ሰው እንዴት አይታመን! ኬሪያ ከሁሉም ቀድማ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እፀገነት ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ ከቦርሳዋ ጥራዝ አውጥታ ደረሰኝ ቆረጠችላት። ኬሪያ ስሟን አየች፣ ቀኑን አየች፣ የብሩን ልክ በአኃዝም በፊደልም አየች፣ ፊርማውን አየች። ሁሉም ትክክል ነበር። ያን ሌሊት ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

እስከ እሑድ ማታ ድረስ የቀሩት አሥሩም አስረከቡ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ሁሉም ባንኩ በር ላይ ተሰበሰቡ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። የእፀገነት ስልክ ዝግ ነው። ወደ አትክልት ተራ ሮጡ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፣ ወንበሯ ወድቋል፣ ጠመኔው መሬት ላይ ተፈርክሷል።

«ሳቢር!» አለ ደሬሳ። «ገንዘቡ እሷ ጋ እንዳለ ሰምቶ ነው።»

ኬሪያ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት ስለ መኪናዋ አላሰበችም። ጣሳውን እዚያች ሴት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ብትሞት በእኔ ነው የምትሞተው ብላ አለቀሰች።

ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ቃላቸውን የተቀበላቸው አንድ ሽማግሌ ሳጅን ነበር። የሳቢርን ጫማ ሳይቀር ነገሩት።

«ቶሎ ይድረሱላት!» አለች ኬሪያ።

«ሰውየው የጻፈው ነገር አላችሁ?»

ኬሪያ አቃፊዋን ከፈተች። የደሬሳን ደረሰኝ አወጣች።

«የእሷስ ጽሑፍ?»

የራሷንም አውጥታ ከጎኑ አኖረችው። ሳጅኑ መነጽሩን አደረገ፤ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ኬሪያ አዙሮ ከላይ፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ በቀይ የታተሙትን ቁጥሮች በጣቱ አሳያት።

የሳቢር 0417 ይላል፤ የእፀገነት 0418።