ቀማሿ እህቴ
አዲስ የካንሰር መድኃኒት ለታማሚ የሚሰጠው፣ ጤነኛ ዘመዱ ሠላሳ ቀን ቀምሶለት ደህና ከሆነ ብቻ ነው። ሕጉ ይኸው ነው። የእኔ ቀማሽ እህቴ አንጓች ናት፤ ያን ከብረት የተቀመመ ጠብታ በየማለዳው ትጠጣልኛለች።

በሠላሳኛው ቀን ምሳ ላይ ሽሮውን ስጎርስ አፌ ተቃጠለ። ጨው ብቻ ነው። እሷ ግን ደጋግማ ትጎርሳለች።

«አንጓቼ፣ ጨው አልበዛም?»

«አንተ ደግሞ! የበሽተኛ አፍ ምን ይጥመዋል?» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን ሰበረች። ምላሷ ጣዕም መለየት ትቷል። ይህ ከታወቀ መድኃኒቱ ይደፋል፤ እኔም ክረምቱን አልሻገርም።

ወዲያው የመድኃኒቱ መርማሪ የሠላሳውን ቀን መዝጊያ ቅጽ ይዞ ገባ።

«እህቴ፣ የተለወጠብሽ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አለችና፣ እንደ ልማዳችን «ኑ እንብላ» ብላ አስከተለች።

ሰውየው ቅጹን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ዞር አለ። በቤታችን እንግዳ አቁመን በልተን አናውቅም። ትሪውን ወደ ደረቴ ስቤ ሽሮውን በላይ በላዩ ጎረስኩት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መርማሪው አፍሮልኝ፣ ቆሞ ፈርሞ ወጣ።

«አውቀሃል ማለት ነው» አለችኝ እህቴ ቀስ ብላ።

አፌ ሙሉ ነበር፤ የቀረውን ሽሮ በእንጀራ ጠረግኩት።