የግድ ያልተባለች

ድሮ ቤት የሚሠራው በግንበኛ ነበር፤ አሁን ኮድ ይጻፋል፣ ቤቱ ይቆማል። እኔም የቤቱ ንድፍ ከሚጻፍበት፣ «ቤት» ከሚለው ክላስ (የኮድ ክፍል) አናት ላይ «@ገንቢ» የምትለዋን ምልክት ብቻ አኖርኩ። የቀረውን ኮድ ገንቢው ራሱ ጻፈው፤ ለእኔና ለባለቤቴ የቀረን የሚኖሩበትን ሰዎች ስም መሙላት ብቻ ነበር። አብረን የኖርንበትን የእናቴን አሮጌ ቤት አፍርሶም አዲሱን በቦታው አቆመው።

ዛሬ ልንገባ ስንል በሩ እኔን፣ ባለቤቴን ረድኤትንና ልጃችንን በየስማችን ጠራን። እማዬን ግን «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን» አላት።

ውስጡን ዞርን። ለመኪናው እንኳ ክፍል አለው። የእማዬ የለም።

«የእሷን ስም አልሞላህም እንዴ?» አለችኝ ረድኤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺ የሞላሽ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ አንተ።»

ግራ ገባኝ። ገንቢው ስህተት አለ አላለም። ኮዱ ላይ «እናት» ከሚለው ክፍት ቦታ ጎን፣ ሳይሞላ እንዳይታለፍ የሚያደርገው «የግድ» የሚል ምልክት ስላልነበረ ባዶውን ዝም ብሎ አልፎታል። እናት የግድ ናት ተብሎ ይጻፋል ብሎ ማን ያስባል?

እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰጠናትን ውሃ ጠጣች። ቤቱን አመሰገነች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«በሉ እንግዲህ ልሂድ፣ እንዳይመሽብኝ።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

በሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔም እሱን ልጠይቅህ ነበር፣ ልጄ።»