የተደበቀው ግልገል

ሠርካዲስ ለቴሌቪዥን ድራማ ትጽፍ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የያዘችው ሥራ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ተረት ነው፤ ጅቡ የእናትየዋን ድምፅ አስመስሎ በር ያስከፍትና ግልገሎቹን ይበላል፣ አንዱ ብቻ ተደብቆ ይተርፋል። እሷ ጅቡን ነፍሰ ገዳይ፣ ግልገሉን ኮርኒስ ውስጥ የተሸሸገ ምስክር አደረገቻቸው። መርማሪ ፖሊስም ጨመረችበት።

ኮርኒሱን አሳምራ ጻፈችው። ለምን አታሳምር? የገዛ ልጇ ነጋ በደርግ የሚፈለግ ነበርና፣ ጌጃ ሰፈር ባለው ቤቷ ኮርኒስ ውስጥ ከተኛ አራት ወሩ ነው። ለጎረቤት ጅማ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ተብሏል።

ጽሑፉን የሚመረምረው የሳንሱሩ ሹም ጋሻው ነበር፤ ቃል ከአፉ በወረንጦ የሚወጣ ሰው። ሐሙስ ቢሮው አስጠራትና ኮርኒሱ አይታመንም አላት። ምግቡ ጎረቤት ሳያይ እንዴት ይደርሰዋል? ሲያስለውስ? ሠርካዲስ በሥራዋ ሲመጡባት አትወድም። እልህ ያዛትና አንድ በአንድ አስረዳችው። ጋሻው መልሷን የሚያሰፍረው በጽሑፉ ጠርዝ ሳይሆን በራሱ ደብተር ላይ ነበር።

«የተደበቀው ምስክር ሴት ልጅ ብትሆንስ?» አላት።

«ያው ነው።»

ቀና ብሎ አያት። «ጓድ ሠርካዲስ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ከተረቱ ነው ብላ ወጣች።

ይህ ሰው ቤቴን ሳያስፈትሽ አያድርም አለች። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነጋን ቀሚስ አልብሳ፣ ነጠላ አከናንባ፣ አብነት ሰፈር ወዳለችው አክስቱ ሰደደችው። «እማዬ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ብሏት ነበር። አልሰማችውም።

መንገድ ላይ አሰሳ ገጠመውና ተያዘ። ቅዳሜ ጠዋት ሬሳው አስፋልት ዳር ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ስለነበር እንባዋን ዋጠችው። ሰኞ ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች። ልጄን ያስበላኝ ጋሻው ነው እያለች በልቧ ስትረግመው አረፈደች።

ከምሳ በኋላ አስጠራት። ድራማው ላይ የፈቃድ ማኅተም መትቶበታል። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ልጄን ኮርኒስ ውስጥ ደበቅኳት፤ ትናንት አሳሾቹ መጥተው ቤቱን ሁሉ ፈተሹ፣ አላገኟትም፤ እግዜር ይስጥልኝ።»