ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ቴፕ

ከወናጎ ዲላ ድረስ የመጡት ሽማግሌዎች ከሰላምታ በኋላ አልተቀመጡም። «ቃል ሳይሰጡንማ አንቀመጥም» ብለው፣ አሥረኛ ክፍል የምትማረውን የቤቱን ሴት ልጅ ለአንድ ቡና ነጋዴ እየጠየቁ ነበር። አባቷ ሊያስቀምጧቸው ወንበሩን ወደ እነሱ ሳብ ሲያደርጉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመው ወጣት ወንድሟ እሺ ሊሉ እንደሆነ ገባው። ልጅ በሽማግሌ ፊት አይናገርም። አጠገቡ ግን የልጅነቱ ካሴት እንደገባበት የቀረ አሮጌ ቴፕ ነበር። ቁልፉን ተጫነው።

የካሴቱ ራፕ ቤቱን ሞላው። ልጅ ሳሉ እሱና እህቱ ሲዘሉበት፣ አባታቸውም «እስቲ ድገሟት!» እያሉ ሲያጨበጭቡ፣ ከምቱ አልፎ ግጥሙን ልብ ያለ አልነበረም። አሁን ቃሉ ጥርት ብሎ ተሰማው፤ ከክፍል ጎትተው የዳሯት ልጅ ደብተሬን ማን ወሰደው እያለች ትጠይቃለች።

«ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ልንጨፍር የመጣነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

የአባቱ እጅ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቱ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ መጥተው መጋረጃውን ገለጡት። ወጣቱ ጥፊ ጠብቆ ዓይኑን ጨፈነ።

«እህትህን ጥራት» አሉት ቀስ ብለው። «ለእነዚህ ሰዎች መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።»